የጸደንያ ጥላ

ፈንታሁን ከኖርዌይ የተመለሰ ሰሞን መካነ ሰላም ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ «መቼ ነው የምትሄደው?» መጣሁ ሲላቸው መሄጃውን ይጠይቁታል። መልሱን እሱም አያውቀውም። ትምህርቱን ጨርሷል፤ እዚያ የጀመረውን ሥራ ትቶታል፤ ደሴ ያገኘው የማስተማር ሥራ ደግሞ ገና ሳይለምደው ሰልችቶታል። ቁጭ ሲል እግሩ ይርገበገባል፤ ሲቆም መቀመጫ ያምረዋል።

«አንተ ልጅ፣ የሚበላህ ቁንጫ ነው ሐሳብ?» ትለዋለች አክስቱ ብዙዬ።

«ሁለቱም፣ እትዬ።»

«ቁንጫውን ለኔ ተወው።»

ብዙዬ የአባቱ ታላቅ እህት ናት። ልጅ አልወለደችም፤ እሱን ግን ያሳደገችው እሷ ናት። ትዳሯ ሲፈርስ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች፣ በዚያው ቀረች። እናቷ የሻለም ስትጃጅ ያስታመመቻት፣ ስትሞትም ዓይኗን የከደነችላት ብዙዬ ናት። ፈንታሁን ያኔ በርገን በምትባል፣ ዝናብ በማያባራባት ከተማ ተማሪ ነበር። ለአያቱ ቀብር አልደረሰም። አሁን ሰባት ዓመቷ ሞልቶ ብዙዬ ተዝካሯን ልታወጣ ጌሾ እያስወቀጠች፣ ብቅል እያሰጣች ሽር ጉድ ትላለች።

«ከዚህ በኋላ ሌላ የለም፤ የመጨረሻው ነው» ትላለች። «ይችን ካወጣሁላት ሸክሜን አራገፍኩ ማለት ነው። እኔም በሰላም እተኛለሁ።»

ፈንታሁን ነፍስ ስለሚባለው ነገር ማሰብ ካቆመ ቆይቷል። ይሁንና ለሱም የተዝካሩ ሰሞን ተመችቶታል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ የሚጠየቅ ሰው ይገኛል። ኮምፒውተሩ ላይ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መሥራት ጀምሯል። በወንድ አያቱ በኩል ያለው እስከ ሰባት ቤት ሞልቷል፤ በዚያ አገር ዘሩን መቁጠር የማይችል ሽማግሌ የለም። በሴት አያቱ በኩል ግን «የሻለም» ከሚለው በላይ ገጹ ባዶ ነው። እሱም ቢሆን ወላጆቿ ያወጡላት ስም አልነበረም። ያኔ ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ በአባቷ ቤት ስም የሚጠራት የለም።

«ከሠርጓ በፊትስ ማን ነበር የምትባለው?» አላት ብዙዬን።

«እኔ ምን አውቄ፤ ሠርጓ ላይ አልጠራችኝ።»

«የምሬን ነው እትዬ።»

«እኔም የምሬን ነው። ከወግዲ ማዶ ከካህን ቤት መጣች፤ አባቷ መሪጌታ ነበሩ። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። የማውቀው ይኼን ነው።»

«ለምን አልጠየቅሻትም?»

ብዙዬ ትሪው ላይ የዘረጋችውን ምስር መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ «ደህና ሳለች ስጠይቃት አትነግረኝም» አለች። «ስትነግረኝ ደግሞ ደህና አልነበረችም።»

የእናቷን የመጨረሻ ዓመታት በዚያች ቀን ነገረችው። ፈንታሁን በስልክ «ደህና ናት፣ ትንሽ ትረሳለች» ከመባሉ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

መጀመሪያ የረሳችው ባሏን ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟች ባሏን ፎቶ እያየች «ይኼ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?» ስትል ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ቀጥላ ልጆቿን ረሳች፤ ያኔ የሳቀ የለም። ከዚያ ቤቱንም አገሩንም ረሳችው። ጠዋት ትነሳና በነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ቋጥራ በሩ ላይ ትቀመጣለች፤ «ልሂድ እንጂ፣ እየመሸብኝ ነው» ትላለች። ወንድ ወደ ቤት ከገባ እስከ አገጯ ትከናነባለች። ምግብ ቀርቦላት «ብዪ» ካልተባለች እጇን አትሰድም። ብዙዬን «እመይቴ» ትላታለች። ብዙዬ ብድግ ካለች ብድግ ትላለች፤ ብዙዬ ከተቀመጠች ቆማ «አመዱን ልጥረግ?» ብላ ትጠይቃለች።

«የወለደችኝ እናቴ እኮ ናት!» አለች ብዙዬ። «እኔን እመይቴ!»

ጎረቤታቸው አሕመድኑር እህል ነጋዴ ነው። ወሬውን ከበሩ ላይ ሆኖ ሰምቶ ገባና ተቀመጠ።

«ወደ ወግዲ መውጫው ላይ ስንቴ አግኝቻቸዋለሁ» አለ። «የት ነው እማማ ስላቸው ወደ ቤቴ ይሉኛል። ቤትዎማ በዚህ ነው ስላቸው ይስቁብኛል። ኋላ ዘዴው ተገኘ። ‹አባትዎ ናቸው የላኩኝ፤ ዛሬ እዚሁ ትደር፣ ነገ እመጣለሁ ብለዋል› እላቸዋለሁ። ‹አባባ ነው ያለው?› ይሉኛል። ‹አዎ፣ ኢንሻ አላህ ነገ ይመጣሉ።› ከዚያ እጄን ይዘው እንደ ሕፃን ልጅ ይከተሉኛል። መዋሸቴ ነው እንግዲህ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ባትዋሽልኝ ገደል ገብታ ነበር» አለች ብዙዬ።

«አብሽሪ ብዙዬ፣ አንቺ የእናትሽን ሐቅ ተወጥተሻል። በዚህ ሰፈር እንዳንቺ እናቱን የያዘ የለም።»

ይኼን ስትሰማ ፊቷ ፈካ። ከዚያም ከሁሉ ያሳስባት የነበረውን ለፈንታሁን ነገረችው። እናቷ ሲጨንቃት «ጸደንያ» ትል ነበር። በሩ ላይ ተቀምጣ ደረቷን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች፣ «ጸደንያ፣ ጸደንያ።» ጸደንያ ማርያም መስከረም ዐሥር የምትከበር የእመቤታችን በዓል ናት። ብዙዬ ሌላ ምን ታስብ? እናቴ ጸደንያ ማርያም ስለት ነበረባት፣ ሳታስገባው ረስታው አሁን ያስጨንቃት ጀመር አለች። በዓሉ ሲደርስ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ ገዝታ፣ እናቷን ግራና ቀኝ አስደግፋ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወስዳ አስገባች። ጥላው ተዘረጋ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እናቷ አንጋጣ እያየች «የማን ሠርግ ነው?» አለች።

ስለቱ ገብቶም ጸደንያ ማለቷን አልተወችም። የነፍስ አባታቸው አባ ዘማርያም ጠበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር እንደ ወጉ «ስመ ክርስትናዎ?» ይላሉ። እሷም «ጸደንያ» ትላለች። ብዙዬ ከኋላ ፈጠን ብላ፣ «ኧረ እናቴ፣ ስለቱንማ አስገብተናል! ስምሽን ነው የጠየቁሽ። ወለተ ማርያም በይ» ትላታለች። አሮጊቷም አንገቷን ደፍታ «እሺ እመይቴ፤ ወለተ ማርያም» ትላለች።

«ወዲያው ነበር እሺ የምትለኝ» አለች ብዙዬ ፈገግ ብላ። «አንድ ቀን እንኳ ተከራክራኝ አታውቅም።»

ፈንታሁንም ያን ስም አንዴ በስልክ ሰምቶት ነበር። ብዙዬ ስልኩን የእናቷ ጆሮ ላይ አድርጋ «የልጅ ልጅሽ ነው፣ ከባሕር ማዶ ነው» ስትል በሩቅ ተሰማው። «እማማ፣ አወቅሽኝ?» አላት። መተንፈሷን ሰማ። ከዚያ በቀጭን፣ የትንሽ ልጅ በሚመስል ድምፅ «ጸደንያ» አለችና ሌላ አንድ ቃል ጨመረች፤ መስመሩ ለአፍታ ተቆራርጦ አልሰማውም። ብዙዬ ስልኩን ወስዳ «በጸደንያ ማርያም እየመረቀችህ ነው፣ አሜን በል» አለችው። አሜን አለ።

አባ ዘማርያም በተዝካሩ ቀን የየሻለም ወላጆችም ስም ቢገኝ አብሮ ይነሣል ብለው ነበር። ብዙዬ ይኼን ሰበብ አድርጋ፣ የማያርፈውን እግሩን መንገድ ይብላው ብላም ይመስላል፣ ፈንታሁንን ወደ ወግዲ ላከችው። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ጠዋት በሚኒባስ ሄደ። ከወግዲ ከተማ ሙላው የሚባል ገበሬ ተቀብሎት በእግር መንገድ ጀመሩ። የሙላው እናት እማሆይ ሀይማኖት የየሻለም የአጎት ልጅ ናቸው ተብሏል፤ ከዚያ ቤት በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጭቃው ጫማውን እየያዘበት፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ በሆነበት ማሳ ዳር ለዳር ሲሄዱ ፈንታሁን ደስ አለው። የሚሄድበት ቦታ ካለው ሁልጊዜም ደስ ይለዋል።

እማሆይ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኟቸው። ቆባቸው ግንባራቸው ድረስ ወርዷል፤ ዓይናቸው ግን ያያል።

«ማን ልበል?»

«ፈንታሁን እባላለሁ።»

«በማን ፈንታ?» ብለው በድዳቸው ሳቁ።

«እሱን አልነገሩኝም እማሆይ። መካነ ሰላም የተዳረችው የየሻለም የልጅ ልጅ ነኝ።»

«የሻለም የምትባል አላውቅም። ከዚህ ቤት መካነ ሰላም የሄደችው ጸደንያ ናት።»

የፈንታሁን እግር መርገብገቡን አቆመ።

«ወለተ ማርያም ማለትዎ ነው?»

«ወለተ ማርያምማ እህቷ! የካህን ቤት ነው፤ በክርስትና ስማችን ነበር የምንጠራራው። ወለተ ማርያም ታላቋ፣ ጸደንያ ታናሿ። ማን ነው እንዲህ የደባለቀብህ?»

ሙላው «እማዬ ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ ከሩቅ ነው የመጣው» አላቸው።

«ቀስ ብዬማ ስንት ዘመን ይዤው ኖርኩ» አሉ እማሆይ። «ለመካነ ሰላሙ ልጅ የታጨችው ወለተ ማርያም ነበረች። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ሠርጉ ደረሰ ሲባል ንዳድ ያዛት። ብዙም አልታመመች፤ ሞተች። ሙሽራው ደግሞ ከነሚዜው መንገድ ጀምሯል። እንዳሁኑ ስልክ የለ፤ ተመለሱ የሚላቸው የለ። አጎቴ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም አለ። ሬሳዋን በጓሮ አስወጥቶ ሳይለቀስላት አስቀበራት። እናቷ አፏን በነጠላ ጠቅጥቃ ቀረች። እኔ ያኔ ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነኝ፤ አልቅሰሽ ብትገኚ ብለው ቆነጠጡኝ፤ ይኸው እዚህ ጋ።» እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አሳዩት። ምንም የለበትም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጸደንያን አለበሷት። የእህቷ ቀሚስ ቢሰፋት በመቀነት ሸበቡላት። አባቷ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ‹ስምሽን ቢጠይቁሽ ወለተ ማርያም በይ፤ በእሷ ስም ነው ቃል የገባሁት› አላት። አለች። ደጋግሞ አስባላት። ከዚያ ተከናንባ ሚዜው አዝሎ ወሰዳት። ሙሽራ ፊቷን ማን ያያል?»

«ባሏ አላወቀም?»

«ያወቀ ቀን እሷን ለምዷት ይሆናል። እኔ በምን አውቄ፤ ተመልሳ አልመጣች። ኋላም ክፉ ቀን መጣ፣ ያ ቤት እንዳለ ተበተነ። አለች ለመሆኑ?»

«ሞታለች እማሆይ። ሰባት ዓመቷ ነው።»

እማሆይ አማተቡ። «ነፍሷን ይማር። በማን ስም ፍትሐት ፈቷት?»

ፈንታሁን ተነሥቶ ተሰናበታቸው።

ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ስልኩ ላይ የተቆረጠችውን ቃል ፈለጋት። «ጸደንያ ነኝ» ይሆናል። «ጸደንያ ትርዳህ»ም ሊሆን ይችላል። ለማወቅ የሄደበትን ሁሉ አውቆ ነበር የሚመለሰው፤ የባዶው ገጽ መሙያ በእጁ ነው። ግን ምን ያደርገዋል? ለሱ ሁለት ስሞች ሁለት ድምፆች ናቸው። ለብዙዬ ግን በሌላ ሰው ስም የተደረጉት የቀብሩ ፍትሐት፣ ዐርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ናቸው። የአያቱን ወላጆች ስም ብቻ ነግሯት ሌላውን ሊተወው ቆረጠ።

ቤት ሲደርስ አባ ዘማርያም ስለ ተዝካሩ ሊነጋገሩ መጥተው ተቀምጠዋል። ብዙዬ ማማሰያ እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች።

«አገኘህ?»

«አገኘሁ። አባቷ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ይባላሉ።»

እልል አለች። «አባ ሰሙልኝ? ቃለ ክርስቶስ! እኔ የመሪጌታ ቃለ ክርስቶስ የልጅ ልጅ! እህት ወንድምስ አላት?»

«እህት ነበረቻት» አለ ፈንታሁን። «ወለተ ማርያም የምትባል።» ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የሰማው።

ብዙዬ ሳቀች። «ሁለቱም ወለተ ማርያም? መሪጌታው ስም አጥሯቸው ነው?»

አባ ዘማርያም ግን አልሳቁም። ቀና ብለው አዩት። «ንገረን እስቲ ልጄ» አሉት። እንዲህ ብለው ሲያዩት መዋሸት አልቻለም፤ እማሆይ እንደነገሩት አድርጎ ነገራቸው።

ብዙዬ ማማሰያውን እንደያዘች መደቡ ላይ ተቀመጠች። ጫፉ ላይ የነበረው ድፍድፍ ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ፤ አላየችውም።

«እመይቴ ነበር የምትለኝ» አለች።

ወደ አባ ዞረች።

«አማቷ መስያት ነበር አባ። ሙሽራ ሆና ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሆና። እየፈራች ስሟን ትነግረናለች፤ እኔ ደግሞ … ‹ወለተ ማርያም በይ› … ያውም ከኋላዋ ቆሜ።»

«ልጄ ብዙዬ፣ እግዚአብሔር ስም አይጠፋውም» አሉ አባ ዘማርያም። «ነፍሷን ያውቃታል።»

«እንግዲያው እርስዎ በመጡ ቁጥር ለምን ይጠይቁናል?»

አባ መስቀላቸውን አገላበጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለማለት ያህል አይናገሩም። «ሁለቱም ስም የእመቤታችን ነው» አሉ። «ያቺም ልጅ ሳይለቀስላት፣ ሳትፈታ የቀረች ምስኪን ናት። ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ ጸሎት ደርሷታል። ይኼ ከንቱ ነው አይባልም።»

«ይድረሳት፤ አልመቀኛትም» አለች ብዙዬ። «እኔ ግን የላክሁት ለእናቴ ነው።»

አባ ዘማርያም ተነሡ። «ቅዳሜ ተዝካሩ ላይ ስሟን እጠይቃለሁ። ባለ ተዝካሯ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ያልሽኝን እጠራለሁ» ብለው ወጡ።

በቀሩት ቀናት ብዙዬ ሥራዋን አላቋረጠችም። ጠላውን አጠለለች፣ በርበሬውን አስቀነጠሰች፣ ለሚያግዟት ሴቶች ትእዛዝ ሰጠች። ስለ ስሙ ግን ቃል አልተነፈሰችም። ፈንታሁን አጠገቧ ሲደርስ ትጠይቀኛለች ብሎ ይጠብቃል፤ እሷ «እንጨቱን ወዲህ አስጠጋው» ትለዋለች። አሕመድኑር ስኳር ይዞ መጥቶ «አብሽሪ ብዙዬ» ሲላት እንኳ ቀና ብላ አይታው ወደ ጓዳ ገባች። አሕመድኑር በአገጩ «ምን ሆነች?» አለው። ፈንታሁን ትከሻውን ነቀነቀ።

ዓርብ ዕለት ጥርጣሬው አላስቀምጥ ሲለው ሙላው ጋ ደወለ። ከእማሆይ ሌላ ምስክር የለም፤ እሳቸውም የዚያን ጊዜ ሕፃን ነበሩ። ሕፃን ሁለት እህትማማቾችን ቢያምታታስ? ሙላው ስልኩን ለእናቱ ሰጠለት።

«እማሆይ፣ ልክ መሆኔን ላረጋግጥ ብዬ ነው። የሞተችው ማን ነበረች?»

«ጸደንያማ ሞታለች» አሉ እማሆይ።

«ጸደንያ? ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ሞታለች እኮ ልጄ፤ ጸደንያ … » መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሞ ቢደውል አልነሣ አለው። በሠርጉ ሰሞን የሞተችው ጸደንያ ናት ማለታቸው ነው? ወይስ እሱ ራሱ የነገራቸውን፣ የአያቱን መሞት ነው መልሰው የነገሩት? ስልኩን ይዞ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ብዙዬ ከበሩ ላይ አይታው ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ጉም ነበር። ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ተሰበሰበ። ካህናቱ ቆሙ፣ ጧፉ በራ፤ ብዙዬ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ነበረች፣ ፈንታሁን ከጎኗ። አባ ዘማርያም ጸሎቱን ሲጀምሩ ዘወር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ስመ ክርስትና?» አሏት።

ፈንታሁን ስሙ ምላሱ ላይ ነበር። ግን የማን ስም? ትናንት በስልክ የሰማው አፉን ያዘው። ደግሞም ወሳኟ እሷ ናት፣ ወስና ይሆናል፣ አለ በልቡ።

«ወለተ ማርያም» አለች ብዙዬ።

ለሰላምታ እንደሚመልስ ሰው ነው ያለችው፤ ወዲያው፣ ሳታስብ። አባ ዘማርያም ትንሽ ጠበቋት። ሌላ ነገር አልመጣም። ዞሩና «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ አመትከ ወለተ ማርያም» አሉ። ካህናቱ ተቀበሏቸው። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ በጉሙ ውስጥ ሄደ። ፈንታሁን ብዙዬን በጎን አያት፤ ከንፈሯ ክፍት ነው፣ ዓይኗ አባ ዘማርያም ጀርባ ላይ ተተክሏል። የያዘው ነገር ከእጁ አምልጦ ገደል ሲወርድ እንደሚያይ ሰው ነበረች።

ጸሎቱ አልቆ ሕዝቡ «ነፍስ ይማር» እያለ ወደ ድግሱ ቤት መውረድ ሲጀምር እጅጌውን ያዘችው።

«ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ወስነሽ መስሎኝ።»

«እኔ የት ወሰንኩ? አፌ ነው እንጂ! ሰባት ዓመት የለመደ አፌ ነው ያለው። አንተ ትናገራለህ ብዬ አልነበር?»

«እትዬ፣ እኔ እርግጠኛ …»

«ሂድ ንገራቸው። ሩጥ!»

ሮጠ። አባ ዘማርያም ልብሰ ተክህኗቸውን አውልቀው እያጠፉ ደረሰባቸው። እያለከለከ የብዙዬን ቃልም የትናንቱን ስልክም ነገራቸው። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ።

«ገብቶኛል። ስሙን መጨመር ለኔ አይከብደኝም፤ ስቀድስ በጸሎቴ አነሣዋለሁ። ግን ልጄ፣ ያቺ የሞተችው እህት ጸደንያ ብትሆንስ? እርግጠኛ ነህ?»

ፈንታሁን አዎ ለማለት አፉን ከፈተ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ አዎ የሚለውን ቃል ከየትም ማምጣት አቃተው። «አላውቅም አባ» አለ።

«እንግዲያው ያወቅህ ቀን ንገረኝ» አሉት። ቁጣ አልነበረባቸውም። ዕጥፉን ታቅፈው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ።

ብዙዬን ከእናቷ መቃብር አጠገብ አገኛት። ሲሚንቶው ላይ የበቀለውን ሳር ትነቅላለች። ምን አሉህ አላለችውም፤ ፊቱን አይታ ገብቷታል። ከታች ከድግሱ ቤት የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ባለ ተዝካሯ የት ሄደች እየተባለ ይሆናል።

«ጥራት እስቲ» አለችው።

«ማንን?»

«እናቴን ነዋ። በስሟ።»

«አንቺ ጥሪያት እትዬ። አንቺ ነሽ ልጇ።»

«እኔ ስጠራት አማቷ የጠራቻት ይመስላታል» አለች፣ ሳሩን መንቀሏን ሳትተው። «ፈርታ አንገቷን ትደፋለች። አንተን አታውቅህም፣ አትፈራህም፤ ላንተ አቤት ትላለች።»

ፈንታሁን ዙሪያውን ተመለከተ። አፈረ። የሚሰማ ሰው አለ ብሎ አያምንም፤ ስሙ የእሷ መሆኑንም አያውቅም።

«ጸደንያ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«ጮክ በል እንጂ። ጆሮዋ እኮ ከብዶ ነበር።»

«ጸደንያ!»

ቁልቁል ይወርድ የነበረው ሰው ቆሞ ወደ ኋላ ዞረ።

«ድገማት» አለች ብዙዬ።

ደገማት።